ጠዋት የማይታጠፉ ጣቶች



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ የዝግጅታችን ተከታታዮች! በዛሬው ዝግጅታችን ከወትሮው ለየት ያለ ርእስ ይዘን ቀርበናል። የምንነጋገረው ስለ ሕመም ነው። ያውም አንድ ሳምንት ክኒን ተውጦለት ስለሚለቅ ሕመም ሳይሆን፣ አንዴ ከገባ ለዓመታት ከሰው ጋር አብሮ ስለሚኖር ሕመም ነው። ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያስገደደን እኛው ራሳችን የሠራነው ስህተት ስለሆነ፣ በእርሱ እንጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባልና ሚስት ለሽምግልና እኛ ዘንድ መጡ። ቅድሚያ የተናገረው ባል ነበር። «ኡስታዝ፣ ይህች ሴት ሰንፋለች። ጠዋት ልጆቹን አብልቼ ትምህርት ቤት የምልካቸው እኔ ነኝ። እርሷ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ታሻለች። ከዐስር በኋላ ግን ጎረቤት ቡና እየጠጣች ስትስቅ አገኛታለሁ» አለ። ሚስትየው ተራ ሲደርሳት ብዙ አልተናገረችም። «ጠዋት ጠዋት እጄ የሌላ ሰው እጅ ይሆንብኛል። እሺ አይለኝም። ረፋዱ ላይ ይፈታል። ድካሙ ደግሞ ተኝቼም አይለቀኝም» ብቻ አለች።

እኛ የሁለቱንም ሰማን። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ በልባችን የባልየው ንግግር አመዘነ። የቀረበላትን ሻይ አንስታ ስትጠጣ በዓይናችን እያየናት ነበርና። ስለ ባል ሐቅ፣ ስለ ሰብር፣ ማታ በጊዜ ስለ መተኛት መክረን ሸኘናቸው። አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ስምንት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ከወንድሟ ጋር ተመልሳ መጣች። የሁለቱም እጆቿ የጣት አንጓዎች አብጠዋል። አንዷ ጣት እስከ መጨረሻው መዘርጋት አቅቷታል። በእጇ የሐኪም ወረቀት ይዛለች። ወቀሳም አላሰማችንም። «ኡስታዝ፣ ያኔ ሐኪም ጋር ሂጂ ቢሉኝ ኖሮ እሄድ ነበር» አለች። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣችም። ዛሬ የምንናገረውም ያን ቀን ልንናገረው ይገባን የነበረውን ነው።

ለመሆኑ በሽታው ምንድን ነው?

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ስም «ሩማቶይድ አርትራይቲስ» የሚል ነበር። በእኛ ዘንድ መገጣጠሚያ የሚያም ነገር ሁሉ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ይባላል። አለበለዚያም «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሐኪሞች ግን በእነዚህ ስሞች ሥር ያሉትን በሽታዎች ይለያያሉ። በዕድሜ ብዛት የጉልበት ልስልስ አጥንት ሲያልቅ የሚመጣ አለ። በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ በአብዛኛው የእግር አውራ ጣትን የሚያሳብጥ አለ። ሕፃናትን የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ ይዞ ልብን የሚጎዳ፣ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚታዘዝለትም አለ። ሩማቶይድ አርትራይቲስ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሰው አካል ውስጥ ተሕዋስያንን የሚዋጋ ዘብ አድርጓል። በዚህ በሽታ ዘቡ ጠላትንና ወዳጅን መለየት ያቅተውና የመገጣጠሚያን ውስጠኛ ስስ ሽፋን ማጥቃት ይጀምራል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ያብጣል። ካልታከመ ቀስ በቀስ ልስልሱን አጥንትና ዋናውን አጥንት እየበላ ይሄዳል። በአብዛኛው የሚጀምረው ከትናንሾቹ የእጅና የእግር መገጣጠሚያዎች ሲሆን፣ ግራና ቀኝን እኩል ይይዛል። ሳንባን፣ ዓይንንና የደም ሥርንም ሊነካ ይችላል።

ከምልክቶቹ አንዱ የጠዋት መገተር ነው። ጤነኛ ሰውም ሲነቃ ትንሽ ሊገተር ይችላል፤ ግን ወዲያው ይፈታል። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው መገጣጠሚያዎቹ እስኪፈቱ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። እንግዲህ ያቺ እህታችን ጠዋት ሊጥ ማቡካት አቅቷት ከሰዓት በኋላ ፍንጃል ማንሳት መቻሏ ውሸቷን አልነበረም። እኛ የስንፍና ማስረጃ አድርገን የወሰድነው ነገር ሐኪም ቢሰማው ኖሮ የበሽታው ምልክት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከመቶው 70 ያህሉ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለች እናት ወይም እህት ብትኖር የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ሳናያት ማለፋችን ነው።

ተመራማሪዎች ምን አገኙ?

እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የተባሉ ሐኪም በዚህ በሽታ ክፉኛ ለተጎዳች ወጣት ሴት ኮርቲዞን የተባለ ንጥረ ነገር በመርፌ ሰጡ። መንቀሳቀስ ተስኗት የነበረችው ሴት በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። ዓለም ተደነቀ። ሄንችና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ የመድኃኒቱ ሌላ ገጽታ ታየ። በከፍተኛ መጠንና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፊትን ያሳብጣል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነትን ለተላላፊ በሽታ ያጋልጣል።

ይህን ታሪክ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያ መድኃኒት ወንድሞች የሆኑት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ዛሬ በየሰፈራችን አሉ። አንዳንድ ሰዎች ሐኪም ሳያዛቸው «ቁርጥማቴን ያነሳልኛል» ብለው እየገዙ ለዓመታት ይውጣሉ። ያነሳል፤ እውነት ነው። ግን በሐኪም እጅ በልክ ካልሆነ በስተጀርባ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። ለብዙ ሳምንታት የወሰደው ሰው በገዛ ፈቃዱ በአንድ ቀን ቢያቆመውም ሕይወቱ አደጋ ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ቀስ በቀስ መቀነስ ያለበት በሐኪም ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሻሉ መድኃኒቶች መጥተዋል። ዋነኛው ሜቶትሬክሴት ይባላል። በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን ዛሬም ድረስ በዓለም ዙሪያ በቅድሚያ የሚታዘዘው እርሱ ነው። ይህ መድኃኒት ሕመምን ለጊዜው ከማስታገስ አልፎ የዘቡን ጥቃት ያበርዳል። ሥራው የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ «አልሠራልኝም» ብለው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። 

እዚህ ላይ ሁላችሁም ልብ በሉ። ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ የወሰዱት ሰዎች በመድኃኒቱ ተመርዘው ለሞት የተዳረጉበት ጊዜ አለ። ቀኑን ለይታችሁ ያዙት፤ «ዘወትር ሰኞ» ብላችሁ ካርዱ ላይ ጻፉት። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ልጆቻቸው ያስታውሷቸው። የጉበትና የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልገዋል። ጽንስን ስለሚጎዳ ለመውለድ የምታስብ እህት አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

በ1990ዎቹ ደግሞ በለንደን ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ቁጣውን ከሚያቀጣጥሉት መልእክተኞች አንዱን፣ ቲኤንኤፍ የሚባለውን፣ መግታት በሽታውን እንደሚያበርድ በሕሙማን ላይ አሳዩ። ከዚህ የተገኙት መርፌዎች ብዙዎችን ጠቅመዋል። ዋጋቸው ግን ውድ ነው። ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳንም ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ሳይመረመሩ አይጀመሩም።

«ውዱ መድኃኒት ከሌለን ተስፋ የለንም ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። በፍጹም! በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት እንመልከት። 110 ያህል ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን እንደተለመደው በየሦስት ወሩ ሐኪም ያየው ነበር። ሁለተኛው ቡድን በየወሩ እየታየ፣ ያበጡት መገጣጠሚያዎች እየተቆጠሩ፣ በሽታው ካልበረደ መድኃኒቱ ወዲያው ይስተካከልለት ነበር። ለሁለቱም የተሰጡት የቆዩትና የተለመዱት መድኃኒቶች ነበሩ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ከመቶው 16ቱ በሽታው ሲበርድላቸው፣ በቅርብ ክትትል ከታከሙት ግን ከመቶው 65ቱ በረደላቸው። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ መድኃኒት አይደለም። ቀጠሮ ማክበርና በሽታው እስኪበርድ አለመተው ነው።

ሌላው በተደጋጋሚ የተረጋገጠው ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተጀመረ መገጣጠሚያን ማዳን ይቻላል። አንዴ የተበላ አጥንት ግን አይመለስም። እንግዲህ እኛ በምክራችን ከዚያች እህት የወሰድንባት ስምንት ወር ምን ያህል ውድ እንደነበር ፍረዱ።

ከበሽታው ጋር መኖርስ?

መድኃኒት የሐኪሙ ድርሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ከበሽታው ጋር የሚውለው ግን ሕመምተኛው ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት ኬት ሎሪግ የተለያዩ የመገጣጠሚያ በሽታዎች ላለባቸው ሰዎች የስድስት ሳምንት ትምህርት አዘጋጁ። ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ሐኪሞች ሳይሆኑ በሽታው ያለባቸው ተራ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመው ጥናታቸው ከአራት ዓመት በኋላ የተማሪዎቹ ሕመም በአማካይ በ20 ከመቶ ቀንሶ፣ ሐኪም ዘንድ መመላለሳቸውም በ40 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። የሚደንቀው፣ በዚያው ጊዜ የአካል ችግራቸው ጥቂት ጨምሮ ነበር። ታዲያ ምን ጠቀማቸው? ተመራማሪዎቹ ያገኙት መልስ «ይህን ነገር እችለዋለሁ» የሚል መተማመን ማደሩ ነው። 

ብዙዎቻችን ደግሞ ለታመመ ሰው «አርፈህ ተቀመጥ» እንላለን። በሽታው በተቆጣበት ሰሞን ማረፍ ተገቢ ነው። ሁልጊዜ መቀመጥ ግን ጡንቻን ያሟሽሻል። በኔዘርላንድስ 309 የዚህ በሽታ ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2003 የታተመ ጥናት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሁለት ዓመት ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ የሠሩት ጉልበታቸው እንደጨመረና መንፈሳቸው እንደተሻለ አሳይቷል። ትላልቅ መገጣጠሚያዎቻቸው አስቀድመው ለተጎዱት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል ብሏል። በእንግሊዝም 490 ሕሙማን በተሳተፉበትና በ2015 በታተመ ጥናት፣ እጅን የማፍታታትና የማጠንከር እንቅስቃሴ ተምረው ቤታቸው የሠሩት ከዓመት በኋላ እጃቸው የተሻለ ሥራ ይሠራ ነበር። 

ሦስተኛው ነገር ድካም ነው። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች የሚለኩት እብጠትንና ሕመምን ነበር። በ2002 በአውስትራሊያ በተደረገ የተመራማሪዎች ጉባኤ ሕሙማኑ ራሳቸው ተጋብዘው ሐሳባቸውን ሲጠየቁ «እኛን የሚያደቅቀን ድካሙ ነው፤ እናንተ ግን አትጠይቁንም» ወደሚል ነገር አመሩ። ከዚያ በኋላ ድካም በጥናቶች ሁሉ እንዲለካ ስምምነት ላይ ተደረሰ። እንግሊዝ ውስጥ በሰባት ሆስፒታሎች 333 ሕሙማንን ያካተተ በ2019 የታተመ ጥናትም፣ ሕሙማን በቡድን ተሰብስበው ኃይላቸውን ማከፋፈልን ሲማሩ ድካሙ በኑሯቸው ላይ ያለው ጫና እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ቀለል ብሎ እንደቆየ አሳይቷል። ነገሩ ቀላል ነው። ደህና በሆነችበት ቀን የሳምንቱን ልብስ በአንድ ጊዜ አጥባ ሦስት ቀን ከምትወድቅ፣ ሥራውን ከፍላ በመሐል እያረፈች ብትሠራ ይሻላታል።

ውድ አድማጮቻችን! የዓለም ሊቃውንት ሕሙማንን ወንበር ሰጥተው አዳመጡ፤ ዕውቀትም አተረፉ። እኛ ግን ፊታችን ቁጭ ብላ «ድካሙ ተኝቼም አይለቀኝም» ያለችን እህት ነበረች፤ አላዳመጥናትም።

በቤታችንና በመስጂዳችን

አንደኛ፦ መታከም ሰብርን አያፈርስም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ መታከም ለጠየቋቸው ሰዎች እንዲታከሙ ነግረዋቸዋል። ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ.) የታጋሾች አርአያ ሆነው ሳለ ጉዳታቸውን ለጌታቸው ተናግረዋል። ሕመምን መናገር ማማረር አይደለም። ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ ወይም ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ መገተር ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የዚህ በሽታ ስፔሻሊስቶች በአገራችን ጥቂት ቢሆኑም የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ያዩታል። ሒጃማም ይሁን ፍል ውሃ ጊዜያዊ እፎይታ ቢሰጥ እንኳ የተቆጣውን ዘብ የሚያበርደውን መድኃኒት አይተካም።

ሁለተኛ፦ ዲናችን ገር ነው። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ታመው ስለ ሶላታቸው በጠየቁ ጊዜ፣ መቆም ካቃታቸው ተቀምጠው፣ እርሱም ካቃታቸው በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ ጉልበቱ የማይታጠፍለት ወንድም ወንበር ላይ ቢሰግድ በክፉ ዓይን አንየው። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ሁለት ሦስት ወንበር አያንሱ። ለውዱእ ውሃ ማሞቅ ይቻላል፤ የተገተሩ ጣቶችንም ያፍታታል። እጁ ለማይታዘዝለት ሰው ሌላ ሰው ውሃ ቢያፈስለት ችግር የለውም። ውሃ የሚጎዳው መሆኑ ከታወቀ ተየሙም አለለት።

ሦስተኛ፦ ረመዳን ሲቃረብ ሐኪምን አስቀድሞ ማማከር ያስፈልጋል። በሳምንት አንዴ የሚወሰደው ክኒን ከኢፍጣር በኋላ ሊወሰድ ይችል ይሆናል። እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ግን በባዶ ሆድ ጨጓራን ያቆስላሉ። በየቀኑ የሚወሰዱትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አይገባም። ጾሙ የሚጎዳው ሕመምተኛ ማፍጠር ተፈቅዶለታል። ሲሻለው ቀዷ ያወጣል። ይሻለዋል ተብሎ የማይጠበቅ ከሆነ ደግሞ በየቀኑ አንድ ሚስኪን ያበላል። የአላህን ፈቃድ መቀበልም ዒባዳ ነው።

አራተኛ፦ ባሎች፣ አማቶች፣ ልጆች! የጠዋቱን ሥራ ተካፈሉ። ከባዱን ድስት የሚያነሳ፣ ጥብቅ ክዳን የሚከፍት፣ ልብስ የሚጨምቅ ሰው ይኑር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናውቃለን። ሲጋራ የሚያጨስ ካለም ይተው፤ ማጨስ ለዚህ በሽታ እንደሚያጋልጥና ሕክምናውንም እንደሚያዳክም ተረጋግጧል።

አምስተኛው ምክር ለእኛው ለኢማሞችና ለሽማግሌዎች ነው። የባልና ሚስት ክስ ሲቀርብልን «ማን አጠፋ?» ከማለታችን በፊት «የታመመ ሰው አለ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። የማናውቀውን ለሚያውቀው መላክ ከሽምግልና ሥራ አንዱ ነው።

ባልና ሚስቱ የት ደረሱ ትሉ ይሆናል። እኛ ሁለቱንም ጠርተን፣ እርሷን በባሏ ፊት ዐፍው ጠየቅናት። ባልየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ «ጠዋት ስትናገር ሰበብ ይመስለኝ ነበር» አለ። ዛሬ መድኃኒቷን ዘወትር ሰኞ ትወስዳለች። እብጠቱ ቀንሷል። ያቺ አንዲት ጣት ግን እስከ መጨረሻው አትዘረጋም። ለፈጅር ውሃ የሚያሞቀው ባልየው ነው። ማንቆርቆሪያውን ይዞ በእጇ ላይ ያፈስላታል። እርሷ ከነገረችን በላይ ይህን የነገረን እርሱ ነው፤ ሲናገርም ዓይኑን ሰበር አድርጎ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) በሕመም ላይ ያሉትን ሁሉ ሺፋ ይስጣቸው። ለአስታማሚዎቻቸው ብርታቱን ይስጣቸው። እኛንም ሰምተን ከማናዳምጥ ሰዎች አያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።